ዝግታና ስንፍና

ሥራን ማዘግየት ነውር ነውን? በመካነ ሰላም ዙሪያ በቦረናና በሳይንት ደጋ ባሉ አድባራት ብራና ፍቆ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ፥ ጥቁሩን ጽፎ ለቅዱሳን ስም ቀዩን ቀለም ሲያነሣ አይቸኩልም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም፥ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተምረዋል። በዚህ ጥበብ ብዙ ጊዜ ለየቀለሙ አንድ ጣውላ ይቀረጻል፤ የፊተኛው ቀለም ሳይደርቅ ሌላው ቢደረብበት ይበላሻል፤ አንድ ጊዜ የተፈቀፈቀ እንጨትም ወደ ቦታው አይመለስም።

እንግዲህ ሰነፍ የሚዘገየው ራሱን ስለሚወድ ሲሆን፥ ጥበበኛ የሚዘገየው ሥራውን ስለሚወድ ነው። ባለጉዳይ የሚያመላልስ ሹም ግን በጥበበኛው ትዕግሥት አያመካኝ፤ ጥበበኛው የሚያስጠብቀው ራሱን ነው፥ ሹሙ ግን ሌላውን።