የተዋሱትን ስለ መስጠት

በአገራችን ለጋስ ሰው ይመሰገናል፤ ንፉግም ይነቀፋል። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰጪውን ከማመስገናችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የሰጠኸው የማን ነው?» የሚል ነው። ከራሱ ጎተራ እህል ሰፍሮ የሰጠና ከጎረቤቱ ጎተራ ሰፍሮ የሰጠ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ሁለቱም ይመረቃሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ነገሩ እህል ሲሆን ይህን ለመለየት ሕፃን ልጅም አይቸገርም። ድምፅ ሲሆን ግን እኔ ራሴ ሳልለየው ብዙ ጊዜ ኖርሁ። ስለዚህ የደረሰብኝን ሳልደብቅ ለወጣት አንባቢዎቼ እነግራለሁ።

ነገሩ ስለ ሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ነው። በዚህ ሙዚቃ ቃሉን የሚናገረው አንዱ ነው፤ ከቃሉ ሥር የሚሄደውን፣ ወጣቶች «ቢት» የሚሉትን፣ የሚያዘጋጀው ብዙ ጊዜ ሌላው ነው። ቢት ሠሪ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት ላያውቅ ይችላል። የቆየ ሸክላ ወይም ካሴት ያዳምጣል፤ ደስ ያለውን ጥቂት ሰኮንድ በኮምፒዩተር ቈርጦ ያወጣል፤ ያንንም ቍራጭ ፍጥነቱን ለውጦ፣ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ እየደጋገመ ያስኬደዋል፤ ከበታቹም ከበሮና ቤዝ ይጨምርበታል። ይህ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ሌሊት ይሞክረው። ከአንድ ሙሉ ሸክላ ውስጥ የትኛው 4 ሰኮንድ ብቻውን መቆም እንደሚችል ለመለየት የሠለጠነ ጆሮ ያስፈልጋልና።

እኔም በወጣትነቴ አዲስ አበባ በአጎቴ ቤት ስኖር ይህን ሥራ እወድ ነበር። አጎቴ በጎልማሳነታቸው የሰበሰቧቸው ሸክላዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ከእነዚህ ከአንዱ፣ ዘፋኙ ዝም ባለበት ቦታ ላይ የሚሰማውን የሳክስፎን ድምፅ ቈረጥሁ፤ ርዝመቱ 5 ሰኮንድ ያህል ነው። ሦስት ሌሊት ደክሜ ቢት ሠራሁበት። በዚያን ጊዜ ሥራችንን በኢንተርኔት የምንለዋወጥ ጓደኞች ነበርን፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ዋሽንግተን፣ አንዱም ቴል አቪቭ ይኖሩ ነበር። የማኅበራችን ልማድ ያማረ ነው፤ እያንዳንዱ የሠራውን ያለ ዋጋ ያካፍላል፤ የተካፈለውም እንደ ወደደ ይሠራበታል። እኔም ያንን ቢት ሰጠሁ። ምስጋናውም ከምጠብቀው በላይ ሆነ። አንዱ «ይህን ሳክስፎን ማን ነፋልህ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ከጓዳ የተገኘ ነው» ብዬ መለስሁለት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ውሸት ነው፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ሰሚውን ለማሳሳት የተነገረ ነገር ሁሉ ውሸት ነውና።

ጥቂት ሳምንት ቈይቶ በዋሽንግተን ያለው ጓደኛችን ቃል ተናግሮበት አወጣው። እኔም ደስ ብሎኝ ቤት ውስጥ ከፍ አድርጌ ስከፍተው አጎቴ የሚያነቡትን ጋዜጣ አስቀመጡና ጆሯቸውን ሰጡ።

«ይህ ትንፋሽ የማን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ከእርስዎ ሸክላ ላይ ያገኘሁት ነው» አልሁ።

«ሸክላው የኔ ነው፤ ትንፋሹን ጠየቅሁህ እንጂ። ሸክላው ላይ የተጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። የነፋውን ሰው እኔ ዐውቀዋለሁ። ሰዎቹ ሲያመሰግኑህ ምን አልህ?»

«አመሰግናለሁ አልሁ።»

አጎቴ ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ጋዜጣቸውን አንሥተው ማንበባቸውን ቀጠሉ። በዚያች ሌሊት ራሴን ለመከላከል ብዙ ምክንያት ደረደርሁ። ምክንያቶቹ ዛሬም በብዙ ወጣቶች አፍ ስለሚነገሩ እያንዳንዱን መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት «ሙዚቃ ሁሉ ውሰት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማንም የግል ርስት አይደሉም፤ በእነርሱ የዘፈነ ሁሉ ከአባቶቹ ወርሷል። በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። የጉባኤ ቃናና የመወድስ ልክ የሁሉ ነው፤ ነገር ግን ተማሪ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። እንግዲህ የጋራ የሆነ ነገር አለ፤ የአንድ ሰው የሆነ ነገርም አለ። ቅኝቱ የጋራ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሰው ደረት ተሞልቶ የወጣው ትንፋሽ ግን የዚያ ሰው ነው። እኔ ቅኝቱን ወስጄ በራሴ ብነፋው ኖሮ ወራሽ እባል ነበር። እኔ የወሰድሁት ግን ትንፋሹን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «5 ሰኮንድ ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዊንስተንስ የሚባል የዋሽንግተን ባንድ «ኤሜን ብራዘር» የተባለ ሙዚቃ በሸክላ አወጣ። በመካከሉ ሌሎቹ ዝም ብለው ግሬጎሪ ኮልማን የተባለው ከበሮ መቺ ብቻውን የሚመታበት 6 ሰኮንድ ያህል አለ። ይህች አጭር ምት ከጊዜ በኋላ በሂፕ ሆፕና በእንግሊዝ አገር የዳንስ ሙዚቃ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ተቈርጣ ገባች፤ በዓለም ላይ ከእርሷ ይበልጥ የተዋሷት ድምፅ ማግኘት ያስቸግራል። ኮልማን ግን ከዚህ ሁሉ አንዳች ሳያገኝ በ2006 በድህነት ሞተ። የባንዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰርም ለብዙ ዓመት ምንም አልተከፈለውም፤ በ2015 ብቻ ነገሩ የቈረቈራቸው ሰዎች አዋጥተው 24,000 ፓውንድ ያህል ሰጡት። ስለዚህ ማነሱ ለወሳጁ ምክንያት ሊሆን አይችልም። 6 ሰኮንድ ዋጋ ከሌላት ይህ ሁሉ ሰው ስለ ምን ፈለጋት?

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚያታልል ነው፤ «እኔ አልሸጥሁም፤ በነጻ ሰጠሁ» የሚል ነውና። ነገር ግን ወጣቶች ሆይ፥ ገንዘብ ብቻ ደመወዝ አይደለም። ምስጋናም ደመወዝ ነው። እኔ ከጓደኞቼ «ጆሮህ የተባረከ ነው» የሚል ቃል በተቀበልሁ ጊዜ ለሁለት ሰው የተላከ ደመወዝ ብቻዬን ፈርሜ ወሰድሁ። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለታቸው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ ሥራው በሙሉ ይከልከል» ይል ይሆናል። በ1991 በኒው ዮርክ ከተማ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ቢዝ ማርኪ የተባለው አርቲስት ፈቃድ ሳያገኝ የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ክፍል ተጠቅሟል ተብሎ በቀረበው ክስ፣ ውሳኔውን «አትስረቅ» በሚለው ትእዛዝ ጀመረ። ትእዛዙ እውነት ነው፤ ለነገሩ ሁሉ ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። ሂፕ ሆፕ የተወለደው ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በሚባለው የድኾች ሠፈር ነው። በነሐሴ ወር 1973 ከጃማይካ የመጣው ክላይቭ ካምቤል፣ በቅጽል ስሙ ኩል ሄርክ፣ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሙዚቃ ያጫውት ነበር። እርሱም አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ ይዞ ሰው የሚጨፍርበትን የከበሮ ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው እያቀባበለ የማስረዘም ዘዴን አመጣ። መሣሪያ የሚገዙበት ገንዘብ የሌላቸው ልጆች በእጃቸው ካለው ሸክላ አዲስ ጥበብ አወጡ። ይህን ሌብነት ብቻ ብሎ መጥራት ግፍ ነው። ለእኛም ቢሆን ጥቅም አምጥቷል። በ2009 ኦ ኖ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው አንድ ሙሉ አልበም ከቆዩ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ሠርቷል፤ በ2010ም ናስና ዳሚያን ማርሌ ከሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ወስደው ዘፍነዋል። በዚህ መንገድ የአባቶቻችንን ሙዚቃ የሰማና ወደ ምንጩ ተመልሶ የፈለገ የባዕድ አገር ወጣት ጥቂት አይደለም።

ነገር ግን ከዚያው ከኩል ሄርክ ታሪክ ሌላም ነገር እንማራለን። ተፎካካሪዎቹ የሸክላዎቹን ስም እንዳያውቁበት፣ በመካከላቸው የተለጠፈውን ወረቀት በውሃ እያራሰ ይልጠው ነበር። በእኛም አገር መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠሉን ለማንም አያሳይም። የሙያ ምስጢር መጠበቅ ለኑሮ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቅጠል ስሙ ባይነገር አይበደልም፤ ሰው ግን ይበደላል። እንግዲህ ጥፋቱ ከመዋሱ ይልቅ ያለው ከመላጡ ላይ ነው። እኔም «ከጓዳ የተገኘ ነው» ባልሁ ጊዜ ወረቀቱን ልጬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አጎቴ አጠያይቀው የሳክስፎን ነፊውን ቤት አገኙና አብረን ሄድን። ሽማግሌው በጆሮ ማዳመጫ ቢቱን ሁለት ጊዜ ሰሙ። ይቈጣሉ ብዬ ስፈራ «ልጄ፥ ቶሎ ቈርጠኸዋል። ይህ ቦታ ዘፋኙ ለጠየቀው የምመልስበት ነው፤ አንተ መልሱን ከመሐሉ አቋረጥኸው። ከበሮው ግን ጥሩ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «ዋሽንግተን ድረስ ተሰማ?» አሉ።

«አዎን፥ ጋሼ።»

«እኔ መሆኔን ዐወቁ?»

«አላወቁም።»

«እንግዲያው ንገራቸው» አሉኝ። ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ እኔም ያገኘሁት ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን እርሳቸው አለመጠየቃቸው የእርሳቸው ቸርነት ነው፤ የእኔ ነጻነት አይደለም።

በዚያው ቀን ማታ ለጓደኞቼ ሁሉ ስማቸውን ጽፌ፣ ቀልዴንም ውሸት እንደ ነበረ ገልጬ ላክሁ። ብዙዎቹ ደስ አላቸው፤ አንዱም ስማቸውን ይዞ ሌሎች ሸክላዎች ፈለገ። በዋሽንግተን ያለው ግን «ከወጣ ወዲያ አይለወጥም» ብሎ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህም ተቀያየምን። ዛሬም ያ ዘፈን ያለ እርሳቸው ስም ይሰማል። ስም ሳይጻፍበት የተሰጠ ነገር እንደ ተለቀቀ ወፍ ነው፤ ቢጠሩት አይመለስም። ያለ ስም የሰጠሁት እኔ ነኝና ጓደኛዬን ብቻ ልወቅስ አልችልም።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ለከዋኙና ድምፁን ለቀረጸውም መብት እንዳለው ይናገራል። ሕጉን ማወቅ ይገባል፤ ሥራው ለገበያ ሲወጣም ፈቃድ መጠየቅና ድርሻ መክፈል ግዴታ ነው። እኔ የምለው ግን ሕግ ከመድረሱ በፊት፣ ገንዘብም ሳይኖር፣ በጓደኞች መካከል ሊጠበቅ ስለሚችል ነገር ነው። ቢት የምትሠራ ወጣት ሆይ፥ ያካፈልኸው ነገር ከማን እንደ መጣ አብረህ ጻፍ። የነፋውን ስም ባታውቅ ፈልግ፤ ፈልገህ ብታጣ የሸክላውን ስም ጽፈህ «የነፋውን አላወቅሁትም» በል። በሕይወት ያለ ከሆነ ግን ሂድና አሰማው። ከሥራህ የሚቀነስብህ ነገር የለም፤ ጆሮህም ከበሮህም የአንተው ናቸውና።

እናቴ ድግስ ሲኖርባት ከጎረቤት ሳህንና ብርጭቆ ትዋስ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ በዕቃቸው ሥር ምልክት ያደርጋሉ፤ አንዷ ቀይ ቀለም ትቀባለች፤ ሌላዋ ክር ታስራለች። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ እናቴንም ይመርቃል፤ እርሷም የተዋሰች በመሆኗ አታፍርም ነበር፤ ያለ ውሰት የሚደገስ ድግስ የለምና። በማግሥቱ ግን ዕቃውን አጥባ፣ እያገላበጠች ምልክቱን እያየች ለየባለቤቱ ትመልሳለች። ሳሙናው ቀለሙን እንዳያስለቅቀው ስትጠነቀቅ አያት ነበር። በዚያን ጊዜ ስለ ዕቃ ብቻ የምትጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር።