የፈረሰው ቅጥርና የአባቶች ኑዛዜ



ነህምያ በሱሳ ሳለ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን፣ በሮቿም መቃጠላቸውን በሰማ ጊዜ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመም። ይሁን እንጂ የግንባታ እንጨት ከመለመኑ በፊት ያደረገውን እናስተውል። ያፈረሱትን ጠላቶች አልከሰሰም፤ የራሱንና የአባቱን ቤት ኃጢአት በእግዚአብሔር ፊት ተናዘዘ።

እኛም በአዘዞ የፈረሰ ቅጥር አለን። ከጎንደር በስተ ደቡብ በምትገኘው በዚህች ስፍራ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በአጠገቡም የኢየሱሳውያን አባቶች መኖሪያ፣ የአትክልት ስፍራና የውኃ ገንዳ ነበሩ። ንጉሡ በ1632 እ.ኤ.አ. ባረፉ ጊዜ የተቀበሩት በዚያው ነው። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ ግን ያ መንደር ጠፋ። ፍርስራሹን በዚህ ምዕተ ዓመት የስፔን አርኬኦሎጂስቶች ቆፍረው አጥንተውታል።

ከዚያ ዘመን የምንዘክራቸው ስሞች አሉ። አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. መጥተው ቋንቋችንን ተምረው በትዕግሥት አስተማሩ። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በእምነታቸው ጸንተው በግዞት ሕይወታቸውን አጡ። ብፁዓን አባ አጋታንጄሎና አባ ካሲያኖ በ1638 እ.ኤ.አ. በጎንደር ተሰቀሉ።

የእነዚህን ስም ብቻ ብንቆጥር ግን እውነትን በግማሽ እንናገራለን። በ1625 እ.ኤ.አ. የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ቀድሞ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና እንዲባረኩ አዘዙ። ሕዝቡ ተነሣ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. በወይና ደጋ ጦርነት ስለ አባቶቻቸው ሃይማኖት የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ወደቁ። እነርሱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በመታሰቢያ ጸሎታችን ግን አይነሡም። እንግዲያስ በአዘዞ የድንጋዩ ቅጥር ከመፍረሱ በፊት የፍቅር ቅጥር ፈርሶ ነበር።

መቅደስ ሲፈርስ የሚቆስለው ሕዝብ መሆኑን፣ ኑዛዜም ምን እንደሚጠግን ከሩቅ ሀገር አንድ ምሳሌ እንይ። በካናዳ በሃሊፋክስ ከተማ ዳር አፍሪክቪል የተባለ የጥቁሮች መንደር ነበር፤ ዝነኛዋ ዘማሪት ፖርሺያ ኋይት በዚያ ልጆች አስተምራለች። ከተማው በ1960ዎቹ መንደሩን አፈረሰ፤ የነዋሪዎቹን ዕቃ በቆሻሻ መኪና አጓጓዘ፤ የመንደሩ ልብ የነበረውን ቤተ ክርስቲያን በ1967 እ.ኤ.አ. በሌሊት ናደው። ሕዝቡ ግን አልረሳም። በ2010 እ.ኤ.አ. የከተማው ከንቲባ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀጥሎም በቀድሞው አምሳል ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ከድንጋዩ ይቅርታው እንደ ቀደመ ልብ በሉ።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ መንገድ አሳይታናለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ2000 እ.ኤ.አ. በኢዮቤልዩ ዓመት ልጆቿ በክርስቲያኖች አንድነት ላይ ስለ ፈጸሙት በደል በይፋ ምሕረት ለምነዋል።

ስለዚህ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ስለ አዘዞ ስታስተምሩ ታሪኩን በሁለት ወገን አስተምሩ። ልጆች የብፁዓኑን ጽናት ሲማሩ የወይና ደጋን ሙታንም ይወቁ። ምእመናን ሆይ፣ በአዘዞ ዛሬ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የሚጸልዩትን የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንን በለቅሶም በደስታም አትለዩአቸው፤ በክርስቲያኖች አንድነት ጸሎት ሳምንትም የሁለቱን ወገን ሙታን በአንድ ቅዳሴ እናስባቸው። ቂም ይዞ ፍርስራሽ የሚጠብቅ ሰው ዘበኛ እንጂ ግንበኛ አይሆንም። ነህምያ ግን ተናዘዘ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሠራ።

የሰላም አምላክ የፈረሰውን የፍቅር ቅጥር በእጃችን ይሥራልን። አሜን።