የምርምር መዝገብ የማን ገንዘብ ነው?

ሰው ገንዘቡን ለሌላው ቢሰጥ ከኪሱ ይጎድላል፤ ዕውቀቱን ቢሰጥ ግን ለተቀባዩ ይጨመራል እንጂ ከሰጪው አይጎድልም። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሰው ከገንዘቡ ሣጥን ይልቅ የዕውቀቱን ሣጥን አጥብቆ ሲቆልፍ እናያለን። ይህ መቆለፍ መብት ነውን ወይስ በደል? ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ በሰፈሬ በሳንሱሲ የሆነ ነገር ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ እርሱን እነግራለሁ።

ሳንሱሲ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የተማረ ሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የጕድጓዶቻችንን ውኃ በክረምትና በበጋ ይለካ ነበር። ሥራው ለሁላችን እንደሚጠቅም ስለ ነገረን በራችንን ከፈትንለት፤ እኔም ገመዱን ይዤለት፥ ቡናም አጠጥቼው አውቃለሁ። ዛሬ ደግሞ ጎረቤቴ የሆነ አንድ ወጣት በከፍተኛ ትምህርት ቤት ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ይመራመራል። ውኃው ከዓመት ወደ ዓመት መራቅ አለመራቁን ለማወቅ ያ ሰው የጻፈው ቁጥር ስላስፈለገው ሄዶ ለመነው። ሰውየውም «መጽሐፍ ሳላወጣበት ለማንም አልሰጥም» ብሎ መለሰለት። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ወጣቱ ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፥ የእርስዎ ጕድጓድ ቁጥር እንኳ እዚያ ተቆልፎበታል» አለኝ። እኔም ስቄ ዝም አልሁ፤ ሌሊት ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ያንን ሰው ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የደከመበት ሥራ በሌላ ሰው ስም እንዳይወጣ ፈርቶ ይሆናል። ነገር ግን የኔን ጕድጓድ ጥልቀት ከኔ ጎረቤት የሚሰውርበትን ሥልጣን ከየት አገኘው?

በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የምርምር መረጃ የሚባለው የታተመው ድርሰት አይደለም፤ ድርሰቱ የቆመበት መሠረት ነው። የሐኪሙ መዝገብ፥ የማሳው ምርት ልክ፥ የዝናቡ ቁጥር፥ የሽማግሌዎች ቃል የተቀዳበት ድምፅ፥ የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ፥ ይህ ሁሉ መረጃ ይባላል። ድርሰቱ የደራሲው አሳብ ነው፤ ቢያቀናም ቢሳሳትም የርሱ ነው። መረጃው ግን ሦስት ወገኖች ያዋጡት ነው። ግብር ከፋዩ ሕዝብ ገንዘቡን፥ በሩን የከፈተው ባለቤት እምነቱን፥ ተመራማሪው ድካሙን አዋጥተዋል። ከሦስቱ አንዱ ቍልፉን ለብቻው ቢይዝ፥ የሽርክና ገንዘብ ለብቻው እንደ በላ ነጋዴ ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪው ባለአደራ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም እላለሁ።

ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የብራና መጽሐፎቻችንን መጨረሻ ገልጦ ይመልከት። በብዙዎቹ ላይ የውግዘት ቃል ተጽፎ ይገኛል። ውግዘቱ የሚወድቀው መጽሐፉን በሰረቀው፥ በቀማው፥ ጽሕፈቱንም በፋቀው ላይ ነው። በገለበጠው ላይ ግን አይደለም፤ መገልበጥማ ዋጋ የሚያሰጥ ሥራ ነበር። ቆሎ ተማሪም ከአገር አገር ዞሮ፥ በልመና እንጀራ እያደረ፥ ከመምህሩ የሚቀበለውን ቅኔና ዜማ በገንዘብ አልገዛም። በሌላ ወገን ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረን። መድኃኒት ዐዋቂው የቅጠሉን ስም ለልጁ እንኳ ሳይነግር ይሞታል፤ መድኃኒቱም አብሮት ይቀበራል። እንግዲህ መክፈትም መቆለፍም በአገራችን የኖሩ ናቸውና፥ የምንመርጠው ባዕድ ሥርዓት አይደለም፤ ከሁለቱ ልማዶቻችን አንዱን ነው።

የመቆለፍ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ከመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ እናያለን። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መጽሐፉ በምሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ፥ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከአገራችን የወሰዳቸውን ቅጂዎች በ1773 ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ አንዱም በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ ያሳተመው ግን በ1821 ነው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ መጽሐፉ በሊቃውንት መካከል ሆኖ ለሊቃውንት እንደሌለ ነበር። በ1906 ግን ቻርልስ የተባለው ሊቅ ሃያ ሦስት ቅጂዎችን አስተያይቶ የግዕዙን ንባብ አወጣ። የአንዱ ጸሐፊ ስሕተት በሌላው ጸሐፊ የሚታረመው መጻሕፍቱ በአንድነት ሲታዩ ነውና።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉ ዋሻዎች ጥንታዊ ጥቅሎች ሲገኙ፥ ከነዚያ መካከል በአራማይስጥ የተጻፉ የመጽሐፈ ሄኖክ ቍርጥራጮች ነበሩ። እነዚህም በመጽሐፍ ታትመው የወጡት በ1976 ነው። ከቀሩት ጥቅሎች ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች እጅ ተይዘው ስለ ቆዩ፥ የሌላ አገር ሊቃውንት ለማየት ሲለምኑ ይከለከሉ ነበር። በመጨረሻ በ1991 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሃንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት በእጁ የነበሩትን ፎቶግራፎች ለሚመረምር ሁሉ ከፈተ። በሩን የዘጉት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ የተማሩና የደከሙ ነበሩ። ነገር ግን ሥራው ከዕድሜያቸው ይበልጥ ነበር። ሰው ብቻውን ሊፈጽም የማይችለውን ሥራ ቆልፎ መያዙ ሥራውን ማክበር አይደለም፤ ራሱን ከሥራው ማስበለጥ ነው።

ሁለተኛም ጥቅም አለ። አንድ መዝገብ ለምን እንደሚጠቅም የጻፈው ሰው ራሱ አስቀድሞ አያውቅም። በግብፅ የዓባይን ሙላት እየለኩ የሚጽፉ ሹማምንት ነበሩ፤ በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት ከተለካው መካከል ከ622 ዓመት ጀምሮ የተጻፈው እስከ ዛሬ ይገኛል። እነዚያ ሹማምንት ልኩን የሚሹት ግብር ለመመደብ ነበር። ሃሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ግን ያንኑ ቁጥር መርምሮ፥ የጥጋብ ዓመቶች ከጥጋብ፥ የድርቅ ዓመቶችም ከድርቅ ጋራ ተከታትለው የመምጣት ጠባይ እንዳላቸው በ1951 ባሳተመው ጥናት አሳየ። ከርሱ በኋላ የሒሳብ ሊቃውንት አሳቡን ወደ ገበያ ዋጋ ጥናት ወሰዱት። የዓባይ ሙላት አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ዝናብ ስለ ሆነ፥ የግብፅ ግብር ሰብሳቢ ሳያውቀው የኛን ክረምት ታሪክ ጽፎልናል። የግብር ጸሐፊው መዝገብ ለውኃ መሐንዲስ፥ ከዚያም ለሒሳብ ሊቅ እንዲህ ከጠቀመ፥ «ይህ ለኔ ትምህርት ብቻ ነው፤ ለሌላው አይረባውም» ብሎ የሚቆልፍ ሰው የማያውቀውን እየፈረደ ነው።

ለዚህም ያገራችን መጻሕፍት ምስክር ናቸው። በ1973 ገደማ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ባሉ የትምህርት ተቋሞች መካከል በተደረገ ስምምነት፥ የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ቀረ፥ አንዱም በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ከዚህ በኋላ የአብዮትና የጦርነት ዘመን መጣ። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ቆስለው እግራቸው ቢሰናከልም፥ በዚያ በሩቅ አገር ተቀምጠው፥ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ይዘት እየዘረዘሩ ለዓለም ሊቃውንት መሪ የሚሆን ዝርዝር አዘጋጁ። በ2021 ሲያርፉ ትተውልን የሄዱት ቁልፍ ሳይሆን የተከፈተ በር ነው። ዛሬ ከነዚያ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። አንዱን ወንጌል የነገረ መለኮት ሊቅ ለንባቡ ያየዋል፤ በኅዳጉ የተጻፈውን የመሬት ሽያጭ የታሪክና የሕግ ሰው ያየዋል፤ ሥዕሉን ሠዓሊ፥ ፊደሉን የቋንቋ ተመራማሪ ያየዋል።

እስከዚህ የመክፈትን መልካምነት ተናገርሁ። የሚቃወመኝ ሰው ግን ሦስት ብርቱ ነገር ሊያነሣ ይችላል፤ ሦስቱንም ሳልመልስ ባልፍ ፍርዴ ያዳላ ይሆናል።

አንደኛ፥ «የደከመ ሳይቀድም ያልደከመ ሊያጭድ ነውን?» ይለኛል። ይህ እውነት ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ ለሰብሳቢው አስቀድሞ የሚሠራበት የተወሰነ ጊዜ መስጠት፥ ከዚያም በመዝገቡ የተጠቀመ ሁሉ ስሙን እንዲጠራ ማስገደድ ይገባል። ስም መፋቅ ጽሕፈት ከመፋቅ አይተናነስም። ነገር ግን የተወሰነ ጊዜ ማለት ወሰን ያለው ማለት ነው፤ ዕድሜ ልክ ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፥ «የበሽተኛው ምሥጢር እንዴት ይሆናል?» ይለኛል። እዚህ ላይ ያለ ክርክር እስማማለሁ። በሽተኛ ለሐኪሙ፥ ባልቴት ለጠያቂዋ የተናገሩት ሁሉ ለአደባባይ አይደለም። ስማቸውና መታወቂያቸው ይሰወር፤ ይህም ተደርጎ የሚታወቁ ከሆነ መዝገቡ ይዘጋ። ባለአደራ መስጠትን ብቻ ሳይሆን መጠበቅንም የሚያውቅ ነው። ነገር ግን የበሽተኛውን ምሥጢር እያመካኘ የራሱን ስንፍና የሚሰውር እንዳይኖር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ «ብንከፍት እንዘረፋለን» የሚለው ነው። ይህ ባዶ ፍርሀት አይደለም። በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋራ ስለ ጤፍ ውል ገባ። ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትም በአውሮፓ ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። በ2009 ኩባንያው ከሠረ፤ ለኢትዮጵያ ከታሰበው ጥቅም የደረሳት እጅግ ጥቂት ነው፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ሆኖ ኖረ። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ «ሁሉን እንቆልፍ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን የታሪኩን መጨረሻ እንመልከት። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ያንን ፓተንት በኔዘርላንድ አገር ሻረው፤ ምክንያቱም አዲስ ፈጠራ የሚባል ነገር አላገኘበትም። የፓተንት ሕግ አስቀድሞ በአደባባይ የታወቀውን ነገር ለማንም ባለቤትነት አይሰጥም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያገራችን ሊቃውንት ስለ ጤፍ፥ ስለ ገብስ፥ ስለ ኮሶ የሚያውቁትን ጽፈው፥ ቀኑንና ስሙን አኑረው በአደባባይ ቢያስቀምጡት፥ ነገ «እኔ ፈጠርሁት» ለሚል ሰው መልሱ ያ ጽሑፍ ነው። በመሳቢያ የተቆለፈ ወረቀት ግን በፍርድ ቤት ምስክር ሊሆን አይችልም። ዘሩን በውል መስጠትና ዕውቀቱን በስም መጻፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለዘሩ ብርቱ ውል፥ ለዕውቀቱ ግልጽ መዝገብ ያስፈልጋል። ምስክር የሌለው ባለቤት ነው ከሁሉ በፊት የሚዘረፈው።

መንግሥትም ይህን አሳብ ተቀብሎታል። በዚያን ጊዜ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የተሠራ ጽሑፍና መረጃ በአገር አቀፍ የዲጂታል ማከማቻ ገብቶ ለሁሉ እንዲከፈት አዘዘ። መልካም ነው፤ ግን መመሪያ በሩን ያሳያል እንጂ ልብን አይከፍትም። መምህሩ ተማሪውን የሚመዝነው በሰበሰበው ብቻ ሳይሆን ለሌላው ባስተላለፈውም ካልሆነ፥ ማከማቻው ባዶ ጎተራ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። መክፈት ማለት በሩቅ አገር ላለው ሊቅ ብቻ መክፈት አይደለም። በኮሌጅቪልና በኦክስፎርድ ያለ ሰው በአንድ ሰዓት የሚያየውን መጽሐፍ፥ መጽሐፉ የወጣበት ደብር ዲያቆን ማየት ካልቻለ፥ በሩ የተከፈተው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከገበሬ የተወሰደ ለገበሬ፥ ከደብር የተወሰደ ለደብር አስቀድሞ ሊመለስ ይገባል። አደራ የሚመለሰው በመጀመሪያ ለሰጠው ነውና።

ወደ ሳንሱሲ ጕድጓዴ ልመለስ። ያ ወጣት በመጨረሻ ገመድና ሜትር ይዞ መጣ፤ እኔም እንደ ፊተኛው ጊዜ ገመዱን ያዝሁለት። የዛሬውን ውኃ ለካን። ነገር ግን ያ ሰው በለካበት ዘመን የነበረውን ውኃ ዛሬ ማንም ሊለካው አይችልም፤ ያ ክረምት አልፏል፤ ልኩም ያለው በአንድ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው። የተቆለፈ ብር ቢጠፋ በሌላ ብር ይተካል፤ የተቆለፈ ልክ ቢጠፋ ግን የሚተካው የለም።

ወጣቱ ሥራውን ሲጨርስ ቁጥሩን በሁለት ወረቀት ጻፈና አንዱን ሰጠኝ። «ጋሼ፥ ይህ የእርስዎ ነው፤ ከኔ ቢጠፋ ከእርስዎ ዘንድ ይገኛል» አለኝ። በሰፈሩ በለካበት ቤት ሁሉ እንዲሁ እያደረገ ሄደ። እኔም ወረቀቱን ከቤቴ ደብዳቤዎች ጋራ አኖርሁት፤ የሚጠይቀኝ ቢመጣ አሳየዋለሁ።