ቆጣሪው የዘለላት

ለመለካት የሚያስቸግርን ነገር ከመለኪያው ብናስወጣው፣ ጥፋቱ የማን ነው? የነገሩ ነው ወይስ የመለኪያው? ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል የቤት ሥራ ይመስላል። መዘዙ ግን የሰው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ለምሳሌ ያህል አይደለም፤ እውነተኛ አጥንት ማለቴ ነው።

ሁለት ሚዛኖችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። አንደኛው የስፖርት ሳይንስ የሰውን አካል የሚለካበት ነው፤ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲዎች የምሁርን ሥራ የሚለኩበት። አንዱ ስለ ላብና ስለ ልብ ምት፣ ሌላው ስለ ወረቀትና ስለ ስም ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ አይገናኙም። እኔ ግን የአንዱን ጉድለት ሌላው ሲያባብሰው የኖረ ይመስለኛል።

ከአካሉ እንጀምር። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሦስት የታወቁ የስፖርት ሕክምና ጆርናሎች ላይ ከ2011 እስከ 2013 የታተሙ 1,382 ጽሑፎችን መረመረ። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ከተጠኑት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች መካከል ሴቶቹ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለምን? ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ አንድ ቃል ነው፦ ሆርሞን። በአንድ የወር አበባ ዑደት ውስጥ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሰውነት ሙቀት ራሱ በትንሹ ከፍ ይላል። ይሄ ሁሉ ውጤቱን «ይረብሻል» ተባለ። ወንዱን አጥንተህ ለሴቷም ንገራት፤ በቃ።

የወንድ ቴስቶስትሮንም እኮ ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ወንዶችን በዚህ ምክንያት ከጥናት ያስወጣቸው ግን የለም። «ረብሻ» የሚለው ቃል የተፈጥሮ ቃል አይደለም። ማንን እንደ መነሻ እንደወሰድን የሚናገር ቃል ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን፤ ሆርሞን ሌላም ታሪክ አለው። በ1928 በአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። ውድድሩ እንዳለቀ አንዳንድ ጋዜጦች ሯጮቹ እየተዝለፈለፉ እንደወደቁ አድርገው አጋነው ጻፉ፤ የሴት ተፈጥሮ ይህን አይችልም ተባለ። ርቀቱ ወደ ሴቶች ኦሎምፒክ የተመለሰው በ1960 ነው። የሴቶች ማራቶን እስከ 1984 አልነበረም። ወንዶች 10,000 ሜትርን በኦሎምፒክ የሮጡት ከ1912 ጀምሮ ሲሆን፣ ለሴቶች የተፈቀደው በ1988 ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስትወስድ፣ ውድድሩ ለሴቶች ሲካሄድ ገና ሁለተኛው ኦሎምፒክ ነበር። ይህን አስቡት። ከእሷ በፊት የነበሩት የአርሲና የሸዋ ልጃገረዶች መሮጥ ስለማይችሉ አይደለም ያልታዩት፤ የሚሮጡበት መስመር ስላልተሠመረ ነው።

ስለዚህ ሴቷ ሁለት ጊዜ ተበድላለች። መጀመሪያ «አንቺ የተለየሽ ነሽ» ተብላ ተከለከለች። ቀጥሎ «ልዩነት የለም» ተብላ ተረሳች። ሁለቱ አቋሞች ተቃራኒ ይመስላሉ፤ የሚያመሳስላቸው ግን ሁለቱም እሷን ሳያጠኑ የተነገሩ መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ አጥንቱ። አንዲት ሯጭ ከምታወጣው ጉልበት ጋር የሚመጣጠን ምግብ ካላገኘች፣ አንጎሏ ቁጠባ ይጀምራል። ደሞዙ እንዳነሰበት ቤተሰብ ማለት ነው፤ ለዛሬ የግድ ያልሆነው ወጪ ቀድሞ ይቆረጣል። ከአንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚሄደው ትእዛዝ ይዳከማል፣ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቆማል። አጥንትን አጥብቆ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ኢስትሮጅን ስለሆነ፣ አጥንቷ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ያለ አደጋ፣ ከሩጫ ብዛት ብቻ፣ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህንን የጉልበት እጥረት ስም ሰጥቶ ሰፋ ባለ መልኩ ያቀረበው በ2014 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ዛሬም ድረስ በብዙ የልምምድ ሜዳ «የወር አበባዬ ቀረ» የምትል ልጅ የምትሰማው መልስ «ጥሩ ነው፣ ሰውነትሽ ለሩጫ ተስማምቷል ማለት ነው» የሚል ነው። የማስጠንቀቂያው ደወል እንደ ሽልማት ይቆጠርላታል።

እስካሁን ስለ አንዱ ሚዛን ነው ያወራሁት። ታዲያ ሁለተኛው ምን አገባው?

በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ካሉህ ቁጥርህ 10 ነው። በዕድሜህ አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፈህ እሱ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስ ግን ቁጥርህ 1 ነው። ከሱ በፊትም ዩጂን ጋርፊልድ ያስጀመረው ኢምፓክት ፋክተር ነበር፤ የጆርናልን ክብደት በጥቅስ ብዛት የሚመዝን።

ለቁጥር ፍትሐዊ እንሁን። ከቁጥሩ በፊት የነበረው ገነት አልነበረም። ማን እንደሚያድግ የሚወስነው የማን ተማሪ እንደሆንክና ከማን ጋር ቡና እንደምትጠጣ ነበር። ዘመድ የሌለው ምሁር «ቁጥሬን እዩልኝ» ማለት መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ራሱ ግብ ሲሆን ነው።

አንድን ተመራማሪ አስቡ። ሴቶችን በትክክል ላጥና ካለ፣ የዑደታቸውን ደረጃ በደም ምርመራ ማረጋገጥ፣ እንቁላል መውጣቱን በሽንት ምርመራ መከታተል፣ ያንኑ በተከታታይ ወራት መድገም አለበት። የእርግዝና መከላከያ የሚወስዱትን ለብቻ ማየት አለበት፤ ኪኒን የምትወስድ ሴት በየወሩ የምታየው ደም የተፈጥሮ ዑደቷን አያሳይምና። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ወንዶችን ብቻ ቢያጠና ግን በዚያው ጊዜ ምናልባት ሦስት ጽሑፍ ያወጣል። ዕድገቱን የሚወስነው ኮሚቴ ሦስት እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ያ አንዱ ምን እንዳስከፈለ ግን የሚጽፍበት ሳጥን የለውም። ተመራማሪው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ሴት መጥላት አያስፈልገውም። መቁጠር የሚችል ሰው መሆኑ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላም አቋራጭ አለ፦ ሴቶችን አካትቶ የዑደት ደረጃቸውን በቀን መቁጠሪያ መገመት። ደም በወቅቱ መምጣቱ እንቁላል ለመውጣቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ግምቱ ግን እንደ ልኬት ሆኖ ይታተማል። በ2020 የወጣ ሰፊ ትንተና የወር አበባ ዑደት በብቃት ላይ በአማካይ ያለው ተጽእኖ ኢምንት እንደሆነ፣ የብዙዎቹ ጥናቶች ጥራትም ደካማ እንደሆነ ደምድሟል። አሁን ስልካችሁን ክፈቱ። «በዚህ ሳምንት ክብደት አንሺ፣ በዚያኛው ዮጋ ብቻ ሥሪ» የሚል ስንት ቪዲዮና አፕ አለ? ሳይንስ ባዶ የተወውን ቦታ ነጋዴ ይሞላዋል። መዘለል ዝምታን ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ውሸትንም ይጋብዛል።

የቁጥሩ ሁለተኛ በደል ስም ላይ ነው። በ2022 ኔቸር ላይ የታተመ ጥናት በአሜሪካ የምርምር ቡድኖችን መርምሮ፣ በአንድ ሥራ ላይ የተሳተፉ ሴቶች ከወንድ ባልደረቦቻቸው ይልቅ በጽሑፍ ላይ ስማቸው የመውጣቱ ዕድል በ13 በመቶ፣ በፈጠራ መብት ላይ ደግሞ በ58 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ደሙን የቀዳችው፣ ናሙናውን ሌሊት የጠበቀችው፣ ሠንጠረዡን ያጸዳችው ከዝርዝሩ ትወጣለች። ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ የሚቆጥረው ከዝርዝሩ ነው።

የኛ ሰው ስም ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው አባታችን ነው። ዓለም አቀፉ የጥቅስ ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ስም ነው የሚወስደው። አልማዝ የምትባል ተመራማሪ አባቷ ከበደ ቢሆን፣ በጽሑፎች ውስጥ የምትጠራው «ከበደ፣ አ.» ተብላ ነው። አቶ ከበደ ግን ያን ጽሑፍ አልጻፉም። ወንድሟ አበበም ተመራማሪ ቢሆን እሱም «ከበደ፣ አ.» ነው። ከ2012 ወዲህ ኦርኪድ የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያ መጥቷል፤ ደግ ነው። ግን ስሟን ማንበብ ያቃተው ሥርዓት መፍትሔ ብሎ የሰጣት ሌላ ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ።

«መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ያበቃል» የሚለውን ሐሳብ ሰምታችሁ ይሆናል። የጉድሃርት ሕግ ይባላል፤ በኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት ስም። ዛሬ ሁሉም በሚደግመው አጭር አነጋገር በ1997 ያስቀመጠችው ግን ማሪሊን ስትራተርን የተባለች አንትሮፖሎጂስት ናት። ስለ መለኪያ ጉድለት የሚያስተምረን አባባል ራሱ ደራሲዋን ዘሏል።

አንባቢ «ታዲያ አንለካ?» ሊለኝ ይችላል። እንለካ እንጂ። ለሯጯም ሆነ ለተመራማሪዋ መፍትሔው አለመለካት አይደለም። ሁሉንም የሚይዝ ሚዛንም የለም፤ መለካት ማለት አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ነው። ሞራላዊው ጥያቄ የተውነውን ምን ብለን እንደምንጠራው ላይ ነው። «አልለካሁትም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዕዳን ማመን ነው፤ ሁለተኛው ዕዳን መካድ። «ይህ ውጤት በወንዶች ላይ የተገኘ ነው» ብሎ ርዕሱ ላይ የሚጽፍ ተመራማሪ ዕዳውን ባይከፍልም አምኗል። «የሰው ልጅ ጽናት» ብሎ የሚጽፈው ግን ግማሹን ሰው ክዷል።

ተቋማትም ዕዳቸውን ማመን ይችላሉ። በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ አንድን ተመራማሪ በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ፣ ሥራውን አንብቡ ይላል። «አንብቡ» ቀላል ትእዛዝ ይመስላል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል። የሴትን አካል ማጥናትም እንደዚያው። ሁለቱን ሚዛኖች የሚያገናኘው ይህ ነው፦ ሁለቱም የጎደላቸው ብልሃት ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ቁጥሩ እስኪስተካከል ግን የምትጠብቀው ሰው አለች። ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ላይ ወይም በኮጂ ሜዳ ላይ የምትሮጥ፣ ሦስት ወር የወር አበባዋን ያላየች ልጅ። ጥናቱ እስኪጠናቀቅ አጥንቷ አይጠብቅም። ማንም «ተስማምቶሻል» ቢላት ሐኪም ጋ ትሂድ፣ ምግቧን ትጨምር፣ ልምምዷን ትቀንስ። ሰውነቷ የሚያወራው ረብሻ አይደለም። ስለ እሷ ከተጻፈው ገና ያልተጻፈው ስለሚበልጥ፣ ለጊዜው ካሏት መረጃዎች ሁሉ የሚታመነው እሱ ነው።