ቀዩ ስም በጥቁር መስኮት

ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ የምንውል ሰዎች ስቶሪ ኤዲተር የተባለውን የማረሚያ መስኮት እናውቀዋለን። ኮንትሮልና ዋይን ስንጫን ሥዕሉም፣ ዐምዱም፣ ጌጡም ዞር ይልና ጽሑፉ ብቻውን በአንድ ፎንትና በአንድ መጠን ይቀርባል። ቦልድና ኢታሊክ ይታያሉ፤ ቀለም ግን አይታይም። በግራ በኩል ያለችው ጠባብ ዐምድ የአንቀጹን ስታይል ስም ትነግረናለች፤ በአንቀጹ ውስጥ ለአንድ ቃል ብቻ የተሰጠውን ስታይል ግን አትነግረንም። መስኮቱን እንዲህ አድርገው የሠሩት ሰዎች አስበውትም ይሁን ሳያስቡት አንድ ከባድ ጥያቄ መልሰዋል። ከጽሑፍ ላይ መልኩ ቢገፈፍ የሚቀረው ሙሉ ቃል ነው? ወይስ ከቃሉም የሚጎድል ነገር አለ?

መስኮቱን እወደዋለሁ። የመጽሔት ጽሑፍ በሦስት ዐምድ፣ በዘጠኝ ነጥብ ፊደል፣ ፎቶግራፍ አጅቦት ሲቀመጥ ዐይን ይታለላል፤ ገጹ ስላማረ ዐረፍተ ነገሩም የተቃና ይመስላል። ፊደሉን አተልቄ በባዶው መስኮት ሳነበው ግን «ሠረቀ» መባል ሲገባው «ሰረቀ» ተብሎ የፀሐይ መውጣት ስርቆት የሆነበት ቦታ ወዲያው ዐይኔ ይገባል። ከጽሑፍ ሣጥኑ ተርፎ ገጹ ላይ የማይታየው ጽሑፍም እዚያ ይነበባል። መልክ ስንፍናን ሲሸፍን መልኩን ማንሳት ሐቀኝነት ነው።

የጸሎት መጽሐፍ ሲመጣ ግን ሐሳቤ ይለወጣል። በብራና መጻሕፍታችን የጌታ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ጸሐፊው ሁለት ብርዕና ሁለት የቀለም ቀንድ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። ጥቁሩን እየጻፈ ሄዶ ለስሙ ቦታ የሚተውም አለ፣ በኋላ በቀይ ሊመለስበት። ሳይመለስበት የቀረባቸው፣ ቦታው እስከ ዛሬ ክፍት የሆነባቸው ብራናዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ገጽ ያየ ሰው፣ ስም ከሌላው ቃል በተለየ ክብር እንደሚያዝ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ያስጻፈው ሰው ስምም ብዙ ጊዜ በቀይ ይገባል። እኔ ይህን እንደ ጌጥ አላየውም፤ ከቅዱሳኑ ጋር በአንድ ቀለም መጻፍ ራሱ ልመና ነው።

እንዲህ ያለውን ጸሎት በኮምፒውተር ጽፋችሁ በስቶሪ ኤዲተር ክፈቱት። «ማርያም» ከ«እስመ»ና ከ«ውእቱ» እኩል ጥቁር ሆኖ ተሰልፏል። አራሚው ቃል ሲያስገባና ሲያወጣ ቀዩ ወደ ጎረቤት ቃል ቢሻገር፣ ወይም «ማር» ቀይ ሆኖ «ያም» ጥቁር ሆኖ ቢቀር፣ መስኮቱ ምንም አይልም። ጽሑፉ አንድም ፊደል አልጎደለበትም፤ ጸሎቱ ግን ጎድሎበታል።

ታዲያ ቦልድና ኢታሊክ ለምን ተረፉ? የላቲን ፊደል ሰዎች ቃልን የሚያጎሉት በእነሱ ስለሆነ ነው። ኢታሊክን በ1501 እ.ኤ.አ. ለመጽሐፍ ያበቃው የቬኒሱ አሳታሚ አልደስ ማኑሺየስ ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ፔጅሜከር የተባለውን ቀደምት የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያወጣው ኩባንያ አልደስ የተባለው በእሱ ስም ነው፤ ኢታሊክ ለዚህ ሙያ የቤተሰብ ያህል ነው። የእኛ ፊደል ግን ዘንበል ብሎ ቃልን የማጉላት ልማድ አልነበረውም። እኛ የምናጎላው በቀይ ነው። መስኮቱ አስፈላጊውን ከትርፉ የለየው በአንድ ፊደል ልማድ ነው፤ ያ ልማድ ደግሞ የእኛ አይደለም።

እንዲህ ያለ ነገር የእኛ ብቻም አይደለም። በእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዕብራይስጡ ያህዌ የሚለው ስም ባለበት «ሎርድ» ሁሉም ፊደሉ ትልልቅ ይሆናል፤ አዶናይ ባለበት መነሻው ብቻ ይተልቃል። ሁለቱን የዕብራይስጥ ስሞች ለአንባቢው የሚለየው የፊደሉ መልክ ነው። በኩምራን ዋሻዎች በተገኙ አንዳንድ ጥቅልሎች ደግሞ ጽሑፉ በዘመኑ ፊደል ሆኖ ሳለ የአምላክ ስም ብቻ በጥንታዊው የዕብራይስጥ ፊደል ተጽፏል።

«ፎንት መልክ ነው፣ ጽሑፍ ሌላ ነው» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ የድሮውን የአማርኛ ኮምፒውተር ያየ ሰው በቀላሉ አይቀበለውም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎንቱ ሲነሳ አማርኛውም አብሮ ይነሳና የማይነበብ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይቀራል። ያኔ ፎንቱ ፊደሉ ራሱ ነበር።

የኔ አቋም ይህ ነው፤ ቢጠፋ አንባቢው የሚያጣው ትርጉም ወይም ክብር ያለበት ስታይል ሁሉ በማረሚያው መስኮት ይታይ፤ ሌላው ይደበቅ። የርዕሱን መጠንና የመስመሩን ርቀት ማየት አልፈልግም። ቀዩን ስም ግን ማየት አለብኝ። የትኛው ስታይል እንደሚታይ የሚመርጠው መጽሐፉን የሚሠራው ሰው ይሁን፤ ፕሮግራሙን የሚሠሩት ይህን ምርጫ ይስጡን።

እስከዚያ ድረስ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ቅዱስ ስምን ከቀለም ሣጥን እያነሣችሁ በእጅ አትቀቡ። የራሱን የካራክተር ስታይል ሥሩለት። እርማት ላይ ሳላችሁ ያንን ስታይል ለጊዜው ቦልድ አድርጉት፤ መስኮቱ ቦልድን ስለሚያሳይ ስሞቹ ተለይተው ይወጣሉ፤ ስትጨርሱ መልሱት። የመጨረሻውን እርማት ግን ከመስኮቱ ውጡና በቀለም በታተመ ወረቀት ላይ፣ ጸሎቱን ከሚያውቅ ካህን ጋር ተቀምጣችሁ አድርጉ።