ብቻህን ከመጥለቅህ በፊት

ልጄ፣ ጅቡቲ ወደብ ሥራ ከያዝክ ወዲህ ስኩባ መማርህን እናትህ ነግራኛለች። ሰሞኑን ደግሞ ራስህ ደውለህ፣ «አጎቴ፣ አሁንስ ብቻዬን ልወርድ ነው» አልከኝ። ለእናትህ እዚህ ጎብዬ ሆና ስትሰማው ነገሩ እብደት ነው። እኔ ግን የካቲት 1982 ምጽዋ ከእጅ እስክትወጣ ድረስ በባሕር ኃይል ያገለገልኩ፣ ከመርከብ ሆድ ሥር የሠራሁ ሰው ነኝ። ባሕር ሰውን እንዴት እንደሚጠራ አውቃለሁና በባዶው «ተው» አልልህም። ምክንያቱን ልንገርህ፣ ፍርዱን አንተው ስጥ።

አገርህ ላይ የምታውቀውን ላስታውስህ። እዚህ ቆላ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ብቻውን አይወርድም። አንዱ ከታች ይቆፍራል፤ ሌላው አፉ ላይ ቆሞ ገመድ ይዞ አፈር ያወጣል። ከታች ያለው ዝም ካለ ይጣራል፤ መልስ ካጣ ሰው ይሰበስባል። የዳህላክ ሉል አውጪዎችም ሥርዓታቸው ይኸው ነበር። ጠላቂው ድንጋይ ይዞ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል፤ ጀልባው ላይ የቀረው ባልደረባው ገመዱን ይጠብቃል፤ ገመዱ ሲነቀነቅ ይስበዋል።

ይህን ገመድ ያስቀረው ስኩባ ነው። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች በ1943 እ.ኤ.አ. አየሩን እንደ ጥልቀቱ እየመጠነ የሚሰጠውን ሬጉሌተር የሚባል መሣሪያ ሲያወጡ ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ዓሣ ወደፈለገበት ሄደ። ነገር ግን ከላይ ሆኖ የሚጠብቀውንም ሰው አጣ። የስኩባ ትምህርት ቤቶች «ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ውረዱ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ጥንድህ የገመዱ ምትክ ነው። ብቻህን ስትወርድ ገመዱም የለ፣ ምትኩም የለ። እንግዲህ የዚያን ሰው ሥራ ማን ሊሠራው ነው? ይህን በዝርዝር መመለስ ካልቻልክ ጊዜህ ገና ነው።

የጥንድህ የመጀመሪያ ሥራ አየር ማካፈል ነው። ያንተ ቢያልቅ ወይም ሬጉሌተርህ ቢበላሽ የእሱን ትካፈላለህ። ብቻህን ከሆንክ ሁለተኛ ትንሽ ሲሊንደር ከነራሱ ሬጉሌተር መያዝ አለብህ። ከዋናው ሲሊንደር ላይ የተንጠለጠለ ሁለተኛ አፍ አይበቃም፤ ምንጩ አንድ ነውና ሲደርቅ ሁለቱም ይደርቃሉ። ሒሳቡንም አትርሳ። በየ10 ሜትሩ የአንድ ኤትሞስፌር ግፊት ይጨመራል፤ ስለዚህ 20 ሜትር ላይ ከላይ ከምትጨርሰው ሦስት እጥፍ አየር ትበላለህ። በ200 ባር ከጀመርክ ጌጅህ 130 ሲያሳይ ፊትህን መልስ፤ ከላይ ስትደርስ 60 ሊተርፍህ ይገባል። ያ ትርፍ የፍርሃት ድርሻ ነው፤ የፈራ ሰው አየር ይጨርሳልና።

የአየሩንም ንጽሕና ጠይቅ። የውሃ መሳቢያ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርደው ሲያስነሱ ጭሱ ሰው እንደሚገድል፣ ሊያወጣ የወረደውንም እንደሚያስቀር ታውቃለህ። ሲሊንደር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም በጭስ አጠገብ አየር ከሳበ ያው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ጀርባህ ላይ ይታሸግልሃል። ለብቻው ሽታ የለውም፤ ከታች ስትሆን ደግሞ ግፊቱ ጉዳቱን ያባብሰዋል። አየር መሳቢያው ከጭሱ ርቆ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል መሆኑን በዓይንህ እይ። ራስህን አሞህ ወይም አቅለሽልሾህ ከሆነ በዚያ ሲሊንደር አትመለስ።

ሁለተኛው ሥራ ማየት ነው። ቫልቭህ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትህ አየር መያዙን፣ የእርሳስ ቀበቶህ በአንድ እጅ መፈታቱን የሚያይልህ ጥንድህ ነበር። አሁን እያንዳንዱን በእጅህ እየነካህ ጮክ ብለህ ቁጠረው፤ አትፈር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የዓሣ መረብ ቢይዝህ የምትቆርጥበት ቢላዋ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን። መነጽርህን ውሃ ውስጥ አውልቀህ መልሰህ ማድረግና ውሃውን ማስወጣት ዓይንህን ጨፍነህ እስክትችለው ድረስ ከአስተማሪህ ጋር ተለማመድ።

ጥንድህ ሌላም ነገር ያይልህ ነበር፤ ያንተኑ አእምሮ። ከ30 ሜትር ገደማ በታች ናይትሮጅን እንደ ጠጅ ያሰክራል። የሰከረ ሰው መስከሩን አያውቅም፤ ደስ ብሎት ይወርዳል እንጂ። ስለዚህ የመጀመሪያዋ የብቻህ ጥልቀት ከለመድከው በግማሽ ያነሰች ትሁን። 18 ሜትር የለመድክ ከሆነ 9 ይበቃሃል። ማንም አያይህም፤ የምትኮራበትም ሰው አጠገብህ የለም።

ሦስተኛው ሥራ መናገር ነው፤ አደጋ ቢደርስብህ ለላይ ሰዎች የሚናገረው ጥንድህ ነበር። ከባሕር በታች ብቻህን ብትሆን እንኳ ከባሕር በላይ ብቻህን አትሁን። ባሕሩን የሚያውቅ ባለጀልባ ያዝ። የት እንደምትወርድ፣ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ፣ በስንት ሰዓት ካልወጣህ ለማን እንደሚደውል ጽፈህ ስጠው፤ በቃል ብቻ አትተወው። ስትወጣ የሚያሳይህን ቀይ ፊኛ ከነገመዱ ያዝ። ቦታም ምረጥ። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዳር ጥልቀት የሌለው ቦታ፣ ወራጅ ውሃው የረጋ ቀን ይገኛል። በባብ ኤል መንደብ በኩል ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶችና የጉቤት ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ግን ወራጃቸው ብርቱ ነው፤ ለብቻ ጠላቂ ቦታ አይደሉም።

አሁን ስለመውጣት። ጀማሪን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ሳይሆን ደንግጦ ሽቅብ መሮጡ ነው። 10 ሜትር ላይ ሳንባህን የሞላው አየር ከላይ እጥፍ ይሆናል፤ ትንፋሽህን ይዘህ ከወጣህ ሳንባህ ይቀደዳል። ስለዚህ ምንም ይምጣ ምን ተንፍስ። በደቂቃ ከ9 ሜትር አትፍጠን፤ 5 ሜትር ላይ ቆመህ 3 ደቂቃ ጠብቅ። ችግር ሲገጥምህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቁም፣ ተንፍስ፣ አስብ፣ ከዚያ አድርግ።

ለእኛ አገር ሰው የተለየች አንዲት ምክር አለችኝ፤ ፈረንጆቹ አስተማሪዎችህ ላያነሷት ይችላሉ። ጅቡቲ ባሕር ጠርዝ ላይ ነው፤ አገርህ ግን ተራራ ላይ ነው። ጠዋት ጠልቀህ ከሰዓት በኋላ በጋላፊ፣ በሚሌና በጭፍራ አድርገህ ወደ ወልድያ ብትወጣ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ትወጣለህ። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በደምህ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅ እግር ይደነዝዛል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ከአውሮፕላን በፊት የሚጠበቀውን ለመኪናውም ጠብቅ። ደጋግመህ ከጠለቅህ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ከቻልክ አንድ ሙሉ ቀን እዚያው እደር። ሕመሙ ከጀመረህ «ድካም ነው፣ ተኝቼ ይለቀኛል» አትበል። ኦክስጅን ይሰጡህ፤ ለሐኪሙም መጥለቅህን አስቀድመህ ንገረው።

«ታዲያ መቼ ነው የምደርሰው?» ትለኝ ይሆናል። ብቻውን መጥለቅን በሥርዓት ከሚያስተምሩት አንዱ ኤስዲአይ የሚባለው ድርጅት ነው፤ እሱም 21 ዓመት ያልሞላውንና 100 ጊዜ ያልጠለቀውን አይቀበልም። ያንን መለኪያ እኔም እቀበለዋለሁ። ከመቶው በፊት ውሃው ራሱ ሐሳብህን ይይዘዋል፤ ከመቶው በኋላ ነው እጅህ ሳይታዘዝ የሚሠራው፣ አእምሮህም ለአደጋ ነፃ የሚሆነው። ከዚህ ሌላ የእኔ መለኪያ አንዲት ናት። ከአስተማሪህ ጋር ወርደህ፣ አየር ሳያንስህ፣ ማንም ሳይጫንህ፣ «ዛሬ ልቤ አላለኝም» ብለህ ከግማሽ መንገድ ተመልሰህ ታውቃለህ? የማታውቅ ከሆነ መጀመሪያ መመለስን ልመድ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። መቶው እስኪሞላ በጥንድ ውረድ። ሲሞላ ትምህርቱን ውሰድ፣ ሁለተኛ ሲሊንደር ግዛ፣ ታማኝ ባለጀልባ ያዝ፣ ከ9 ሜትር ጀምር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ያን ቀን አትውረድ፤ ለጀልባ የከፈልከው ገንዘብም አይቆጭህ። የእናትህ ነገር አደራ።