የጌሻ ሐቅ

ሚዛን ተፈሪ፣ ረከቦት ፊት ተቀምጬ አንድ ዜና ትዝ ቢለኝ ሳቄ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 ፓናማ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ የ«ጌይሻ» ቡና ኪሎው ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ገዢው የዱባይ ኩባንያ ነው። ሱብሃነላህ! በ1511 የመካው ሹም ቡናን ከልክሎ ነበር።

ዘሩ በ1930ዎቹ የተለቀመው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ነው፤ ስሙም የኛው ጌሻ። ፈረንጆቹ አጣመው ቢጽፉት ብዙው ሰው ጃፓናዊ መሰለው።

ሰረቁን ልል አሰብኩና ተውኩት። የፓናማው ገበሬ ኮትኩቶ ነው ያገኘው፤ ለፍቶ የበላን ሌባ ማለት በደል ነው። ታዲያ ደኑን ለዘመናት የጠበቀው ሰው ሐቅ የለውም?

ቡናውን ያፈሉልኝን እናት «ኪሎውን በዚያ ዋጋ ቢገዙዎት ይሸጣሉ?» አልኳቸው።

«እንግዳ ሲመጣ ምን ላፈላ ነው?» አሉኝ።